«ላስቲኩስ?»፦ በደብረ ማርቆስ የአንድ የተማሪዎች ክበብ የጉዳይ ጥናት

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ችግኝ ሲተክል እኛም ተከልን። በዚያ አንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት ተናግሯል። የእኛ ድርሻ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጭቃማ ዳገት ነበር። ዝናቡ የጎጃም ክረምት ዝናብ ነው፤ ጃንጥላ አይመክተውም። ተማሪዎቹ እየዘፈኑ ቆፈሩ፣ እየተንሸራተቱ ሳቁ፣ ተከሉ። ፎቶ ተነሣን።

ልንመለስ ስንል አንዲት ዘጠነኛ ክፍልን የጨረሰች ተማሪ ወደ ኋላ ቀረች። ዞር ብዬ ሳያት ጎንበስ ብላ ጥቁር ላስቲክ ትለቅማለች። ችግኙ የመጣበትን ላስቲክ። ዳገቱ በላስቲክ ተሞልቶ ነበር። የጣልነው እኛው ነን። እያንዳንዳችን ላስቲኩን ቀደድን፣ ችግኙን አወጣን፣ ላስቲኩን ወደ ጎን ወረወርን። እኔም ጭምር።

«ቲቸር፣ ላስቲኩስ?» አለችኝ።

የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። መልስ አልነበረኝም። «እንልቀመው» ብቻ አልኩ። ለቀምን። ለቅመን ደግሞ የት እንደምንጥለው ስላላወቅን በጆንያ ይዘን ከተማ ገባን።

ከዚያች ጥያቄ አንድ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተወለደ። የተሳካ ፕሮጀክት ሪፖርት ለማንበብ የመጣችሁ ካላችሁ ይህ ያ አይደለም። ክበባችን ሁለቴ ወድቋል፤ ሦስተኛውን ገና አላወቅነውም። የምጽፈው ሌላ ነገር ስላየሁ ነው። ስለ ቆሻሻና ስለ አካባቢ የሚያስተምር ሰው ራሱ ተስፋ ሲቆርጥ ምን እንደሚሆን፣ ልጆቹስ ያንን እንዴት ቶሎ እንደሚያውቁበት።

ከተማዋን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። በሰሜን በኩል ጮቄ አለ። ከጮቄ የሚነሣው ጨሞጋ በከተማዋ አጠገብ ያልፍና መጨረሻው ዐባይ ነው። ስለዚህ ክረምት ላይ ቦይ ውስጥ የጣልከው ነገር መንገዱ ይታወቃል። ይህን በካርታ ሳሳያቸው አንዱ ልጅ «እንግዲያ የኛ ሃይላንድ ሕዳሴ ግድብ ላይ ይቆማላ!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስገባ ግን ሳቁ ቀረ።

መስከረም 2012 ላይ 40 የሚሆኑ ተማሪዎች ተመዘገቡ። ዳይሬክተሩ ሊያበረታቱን መጥተው «ድር ቢያብር…» ብለው ሲጀምሩ ልጆቹ ተረቱን ከአፋቸው ነጥቀው ጨረሱላቸው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ባዶ ሃይላንድ እንለቅማለን፣ እንሸጣለን፣ በገንዘቡ ለተቸገሩ ልጆች ደብተር እንገዛለን። አዲስ አበባ ላይ ባዶ ሃይላንድ የሚገዙ ሰዎች እንዳሉ ሰምተናል። እውነትም አሉ። ሃይላንዱ ሥሩ ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ 1 ቁጥር አለበት። ያ ዓይነቱ ፕላስቲክ ታጥቦና ተፈጭቶ ይቀልጥና ክር ወይም ሌላ ጠርሙስ ይሆናል። ክዳኑ ሌላ ዓይነት ስለሆነ ለብቻው ይለቀማል። ይህን ሁሉ በደንብ አስተማርኩ። ያላስተማርኩት ሒሳቡን ነው።

ሒሳቡን ያስተማሩኝ ልጆቹ ናቸው። አባቱ ሱቅ ያለው አንድ ልጅ ሚዛን አመጣ። የግማሽ ሊትር ባዶ ጠርሙስ አንድ ኪሎ እስኪሞላ ከ60 በላይ ፈጀ። አንድ ትልቅ ጆንያ እስከ አፉ ሞልተን ስንሰቅለው ሁለት ኪሎ ከምናምን ሆነ። የቀረው አየር ነው። አዲስ አበባ ደግሞ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ያውም ከደጀን የዐባይን በረሃ ወርዶ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ወጥቶ። አየር ጭኖ ያንን ዳገት ለሚወጣ መኪና ማን ይከፍላል?

ከዚያ በእግር መርገጥ ጀመርን። ጠርሙሱን ረግጠህ ክዳኑን መልሰህ ስትገጥመው ተጨፍልቆ ይቀራል፤ በአንድ ጆንያ የሚገባው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ክዳኑን ለብቻ ልቀሙ ያልኩት ትምህርቴ በዚሁ ቀረ። አንድ ነጋዴ በስልክ «ኅዳር ላይ እመጣለሁ» አለን። ጥር ላይ ስልኩ አይነሣም ነበር። ጆንያዎቹ አንዲት አሮጌ ክፍል ውስጥ ተደረደሩ።

በዚያው ዓመት ግን አንድ ጥሩ ነገር ሠርተናል፤ እሱን ሳልናገር አላልፍም። አዋጅ ቁጥር 513/1999 የሚባል የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ነበር። ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል ማምረትና ማስገባት እንዳይፈቀድ ይል ነበር። አንዷ ተማሪ «ሕጉ ከኔ ጋር እኩያ ነው ማለት ይቻላል፤ ታዲያ ፌስታሉ ለምን አለ?» ብላ ጠየቀች። እንለካው ተባባልን። 0.03 ሚሊ ሜትር በማስመሪያ አይለካም። ስለዚህ ከሱቅ የመጣ ፌስታል ቀደን አንዱን ገጽ ብቻ ወሰድንና ስድስት ጊዜ አጠፍነው። 64 ድርብ ሆነ። ሕጉ የሚለው ውፍረት ቢሆን ኖሮ 64 ድርቡ ሁለት ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። የኛው ተጭኖ ሲለካ አንድ ሚሊ ሜትር አካባቢ ላይ ቆመ።

ልጆቹ ተናደዱ። ንዴታቸውን ወደድኩት። ቀደም ሲል የላም ሆድ ውስጥ የተገኘ ፌስታል ፎቶ አሳይቻቸው ነበር፤ ያን ቀን ዝም ነው ያሉት፤ አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። የቅርጫ በሬ ሲበለት ሆድ ዕቃው ውስጥ የላስቲክ ጥቅል ሲወጣ ያዩ ልጆች ናቸው፤ ፎቶው አዲስ ነገር አልነገራቸውም። ፌስታሉን የለኩ ቀን ግን ተጨቃጨቁ። ጥፋቱ የነሱ ብቻ እንዳልሆነ፣ የሚሠራ፣ የሚያስገባ፣ የሚቆጣጠር ሰው እንዳለ በገዛ እጃቸው አጥፈው አዩ። የዓለምን ቆሻሻ ሁሉ በአንድ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ጭነን «ተስፋ ይኑርህ» ማለታችን ነውር ይመስለኛል። የማን ሥራ የማን እንደሆነ ስትነግረው የሱ ድርሻ ያንስለታል። ያነሰውን ደግሞ ይሠራዋል።

መጋቢት 2012 ላይ በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በ2013 ስንመለስ መጀመሪያ የሄድነው ወደዚያች አሮጌ ክፍል ነበር። ጆንያዎቹ የሉም። ከጀርባ፣ አጥሩ ሥር፣ ጥቁር የተጋገረ ነገር መሬት ላይ ተጣብቋል።

«አይጥ ገባበት። ምን ላድርግ፣ አቃጠልኩት» አሉ የጥበቃ ሠራተኛው።

እሳቸውን አልወቀስኩም። ለምን እንደተቀመጠ ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም። ቁልፉን ሰጥቻቸው፣ ሰላምታ ሰጥቻቸው ነው የሄድኩት። የአንድ ዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት ጭስ ሆነ። ያውም ፕላስቲክ አታቃጥሉ፣ ጭሱ መርዝ ነው እያልኩ ሳስተምር በከረምኩበት ግቢ።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ስሕተት በግልጽ ልናገር። ክበቡን አልዘጋሁም፤ ግን ሰውነቴ ብቻ ነበር የሚመጣው። ልብ የለኝም። የማስተምረውም ተለወጠ። ፌስታል ሳይበሰብስ በመቶ የሚቆጠር ዓመት ይቆያል፣ ጣና በእምቦጭ ተወረረ፣ አፈራችን እየታጠበ ነው፣ ይህ ጠፋ፣ ያ አለቀ። የተናገርኩት ሐሰት አልነበረም። ጣና ላይ እምቦጭ ከታየ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ሕዝብ በእጁ ሲነቅል እንደከረመ ጎጃም ውስጥ የማያውቅ የለም። ግን እውነቱን የምናገረው ለማስተማር ሳይሆን ብቻዬን እንዳላዝን ነበር። ልጆቹን አብረውኝ ለቅሶ እንዲቀመጡ እየጠራኋቸው ነበር።

እነሱም መቅረት ጀመሩ። ከ40ው የቀጠሉት 11 ብቻ ሆኑ። አንዱን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እንደቀረ ጠየቅሁት። «ቲቸር፣ አይቆጡኝ» አለ። «እርስዎ ራስዎ አያምኑበትም እኮ።»

ይህ ዓረፍተ ነገር ለሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሣኝ። ልክ ነበር። ልጆቹ የሰሙት የምናገረውን አልነበረም፣ ፊቴን ነው። እስከዚያን ቀን ችግሩ «የዘመኑ ልጆች ግድ የላቸውም» የሚል ይመስለኝ ነበር፤ በመምህራን ክበብ ሻይ እየጠጣን የምንለው ይህንኑ ነው። ግድ የላቸውም የተባሉት ልጆች እኔን በደንብ አንብበውኛል።

የሚቀጥለውን ያመጣችው ያችው የላስቲኳ ልጅ ናት። አሁን የክበቡ ጸሐፊ ሆናለች፤ አንድ ሰማያዊ ደብተር አላት፣ ሁሉን ትጽፋለች። የስንት ጠርሙስ ክብደት፣ ማን እንደቀረ፣ ነጋዴው ስንት ጊዜ እንደዋሸን። አንድ ቀን ደብተሩን ገልጣ፣ «ቲቸር፣ ሃይላንዱ የኛ አይደለም፤ አዲስ አበባ ካልወሰደው ምንም ማድረግ አንችልም። እዚሁ የሚያልቅ ቆሻሻ የለም ወይ?» አለችኝ።

እዚሁ የሚያልቅ። ቃሉ ገረመኝ። አለ እንጂ! ከከተሞቻችን ቆሻሻ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የበዓል ጉዝጓዝ። ይህ መኪና አይፈልግም፣ ነጋዴ አይጠብቅም፣ በረሃ አይሻገርም።

ከዚያ በፊት ግን ልጆቹን አንድ ነገር ላክኋቸው። ቤታችሁ ሁለተኛ ዕድሜ ያገኘ ዕቃ ሁሉ ጻፉ አልኳቸው። ዝርዝሩ ረጅም ሆነ። እህል የሚሰፈርበት ጣሳ፣ ከጣሳ የተሠራ ኩራዝ፣ የዘይት የነበረ ቢጫ ጀሪካን፣ ጠበል የሚቀዳበት ሃይላንድ፣ ጤፍ የተሞላ የማዳበሪያ ጆንያ፣ ከጎማ የተቆረጠ በርባሶ። ለቆራሌው የተሸጠ ብረት፣ በልዋጭ የሄደ ልብስ። እኔ ደስ ብሎኝ «አያችሁ፣ እናቶቻችሁ ከኛ ክበብ በፊት ያውቁበታል!» ልል ስል አንዱ ልጅ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ ያ ድህነት ነው እንጂ ሪሳይክል አይደለም። እማዬ ገንዘብ ብታገኝ ጣሳውን ዛሬውኑ ትጥለዋለች።»

ያማረ መልስ አልሰጠሁትም፤ አልነበረኝም። ልክ ነህ አልኩት። ልጅ በበርባሶ ተሰድቦ ያደገበትን ነገር ጥበብ ነው ብለህ ብታመሰግንለት አይሰማህም። በኋላ ግን ያው ልጅ ነው ጀሪካን ሰንጥቆ የውኃ ማጠጫ የሠራልን። ሲሠራው ድህነት ነው አላለም። ለምን እንደሠራው አልጠየቅሁትም።

ይህን ቆሻሻ ከምረን ብስባሽ፣ ማለትም የአፈር ማዳበሪያ፣ መሥራት ስንጀምር የመጀመሪያው ክምር ከሸፈ። ደብረ ማርቆስ ዙሪያው ባሕር ዛፍ ነው፤ ደረቅ ቅጠል ስንል ያገኘነው እሱን ነበር። በጆንያ በጆንያ አምጥተን ከመርነው። ከሦስት ወር በኋላ ስንገልጠው ቅጠሉ እንደ ትላንት ነው፤ ሽታው ጉንፋን የያዘው ሰው የሚታጠነው ዓይነት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ዘይት አለው፤ እንዲህ በብዛት ሲሆን የሚያበሰብሱትን ጥቃቅን ነፍሳት ያውካል፣ ቶሎም አይፈርስም። የባዮሎጂ አስተማሪው ይህን ማወቅ ነበረበት። ልጆቹ ለሳምንታት «ቪክስ አምራች ክበብ» ብለው ጠሩን።

በዚህ ጊዜ ግን ማንም አልቀረም። አስቡት፤ ሃይላንዱ ሲቃጠል 29 ልጅ ጠፋ፤ ብስባሹ ሲከሽፍ አንድም አልጠፋም። ልዩነቱ ምን ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ። የመጀመሪያው ውድቀት በእጃችን አልነበረም። ነጋዴው፣ መንገዱ፣ ኮሮናው። ይኼኛው የራሳችን ስሕተት ነው፤ የራሳችን ስለሆነም ልናስተካክለው እንችላለን። ጸሐፊዋ ደብተሯ ላይ «ባሕር ዛፍ፦ ሁለተኛ አይለመድም» ብላ ጻፈች።

ሁለተኛውን ክምር በጥንቃቄ ሠራን። ደረቅ ነገር ማግኘቱ ከባድ ነበር። መጽሐፉ ጭድ ይላል፤ ጎጃም ውስጥ የጤፍ ጭድ የከብት መኖ ነው፣ የቤት ምርጊት ነው፣ ማን ይሰጥሃል? እበቱም ኩበት ሆኖ ይነዳል። አናጢ ቤት ሄደን ሰጋቱራ ለመንን። ጫት ቤት የወደቀ ቅጠል፣ ቡና ቤት አተላ፣ ከምግብ ቤት ልጣጭ። አንዲት እናት ከበረታቸው ሁለት ባልዲ ፍግ ሰጡን፤ «ለልጆቹ ነው፣ ለአንተ አይደለም» እያሉ። ደረቁን ከእርጥቡ እያፈራረቅን ደረብን፤ አመድ ሳሳ አድርገን ነሰነስን፤ መሐሉ ላይ አንድ ረጅም ፌሮ ሰካን።

ፌሮው ቴርሞሜትራችን ነው። ብስባሽ ሲሠራ ውስጡ ይሞቃል፤ ነፍሳቱ ሲበሉ ሙቀት ይሰጣሉ። ፌሮውን ነቅለህ የተቀበረውን ጫፍ በእጅህ ስትይዝ ከሞቀ ሥራ ላይ ነው፤ ከቀዘቀዘ ወይ ደርቋል፣ ወይ በዝናብ ታፍኗል፣ ወይ ጨርሷል። በአምስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ከሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት በኋላ ነቀልነው። ብርዱ የጥቅምት የማርቆስ ብርድ ነው፤ ከአፋችን ጭስ ይወጣል። አንደኛዋ ጫፉን ነካችና እጇን መነጨቀች።

«ግሏል! ወላሂ ግሏል!»

ተሰለፉ። ሁሉም ሊነካ። ሌላ ክፍል ያሉ ልጆች ምን ተገኘ ብለው መጡ። የጥበቃ ሠራተኛው፣ ያን ጆንያ ያቃጠሉት፣ ፌሮውን ይዘው እጃቸውን አሞቁበት። «ያለ እሳት?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክምሩን የሚጠብቁት እሳቸው ሆኑ። ዝናብ ሲመጣ በራሳቸው ጋቢ ሊከድኑት ምንም አይቀራቸውም ነበር።

ስለ ቀጣዩ ሁለት ዓመት ብዙ የሚባል የለም። ብርድ ስለሆነ ብስባሹ ቀስ ይላል፤ አራት ወር፣ አንዳንዴ አምስት። ጎመን አበቀልን፤ ጎመኑ አማረ፤ መምህራን ገዙ። በገንዘቡ ደብተር ተገዛ፣ ጥቂት ቢሆንም። የጎመን መደቡን ግማሽ ያለ ብስባሽ ተውነው፤ ልዩነቱን ለማየት። የመጀመሪያው ዓመት ልዩነቱ ይህን ያህል አልነበረም፤ ጸሐፊዋ እሱንም ጻፈችው። ልታስቀረው እንደማትፈልግ ስትነግረኝ ትንሽ አፈርኩ፤ እኔ ለጎብኚ የሚታየውን ብቻ ነበር ያሰብኩት። መጥፎው ቁጥር አብሮ ስለተጻፈ ይመስለኛል ጥሩው ሲመጣ ልጆቹ ያመኑት።

ቦዩስ? ቦዩ ያው ነው። ፌስታል አለ፣ ሃይላንድ አለ። ለአንድ መሥሪያ ቤት የቆሻሻ ገንዳ እንዲሰጠን ደብዳቤ ጻፍን፤ ገንዳው መጣ፣ ሞላ፣ የሚያነሳው ጠፋ። ልጆቹ ሌላ ደብዳቤ ጻፉ። እኔ ይሆናል አላልኳቸውም፣ አይሆንም አላልኳቸውም። የምትጽፉት የኛ ሥራ የት ላይ እንደሚያልቅ ለማሳየት ነው አልኳቸው።

በ2015 መጨረሻ የክልላችን ነገር ተበላሸ፤ ምክንያቱን ሁሉም ያውቃል። ትምህርት ተቋረጠ፤ ክበቡም አብሮ ቆመ። በዚያ መሐል፣ በ2017፣ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ዜናውን ስሰማ መጀመሪያ ያሰብኩት ያችን የ64 ድርብ ቀን ነው። ጸሐፊያችን ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ እንግዲህ ማጠፍ ቀረ» አለች። ከዚያ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ይቅር፣ ግን ማስመሪያውን አይጣሉት» ብላ ሳቀች።

ተመልሰን ስንገናኝ ክምሩ ሣር በቅሎበት ነበር። ሥሩ ጥቁር፣ ልስልስ አፈር። ፌሮውን አንድ ሰው ወስዶታል፤ ብረት ነው፣ ቆራሌው ጋ ደርሶ ይሆናል። አዳዲስ ልጆች ተመዘገቡ፣ 17 ናቸው። አዲሱ ጸሐፊ ሰማያዊውን ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ አንብቦታል፤ የነጋዴውን ውሸት ሳይቀር ያውቃል።

ባለፈው ሳምንት ለክረምቱ ምን እንደሚያስፈልገን ስንነጋገር፣ ክምሩ ዝናብ እንዳይገባበት ሸራ መግዛት አለብን አልኩ። የጎጃምን ክረምት ያለ መክደኛ የሚችል ብስባሽ የለም።

«ሸራው ከምንድነው የሚሠራው ቲቸር?» አለኝ አዲሱ ጸሐፊ።

«ከፕላስቲክ።»

ደብተሩን ገልጦ ጻፈ። ምን ጻፍክ አልኩት። «ወጪ፦ አንድ ሸራ» አለና እስክሪብቶውን ሳያነሳ ቀጠለ፤ «ሲያረጅ የት እንደምንወስደው ደግሞ እርስዎ ይንገሩኝ፤ ቦታውን ባዶ ትቼዋለሁ።»